140 ዓመት ጠፍታ የተገኘችው ወፍ ቪዲዮ እውነት ነው ወይ?

ሄለን ከአዳማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ሲዞር ነበር፣ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ቅጠል በረገፈበት መሬት ላይ፣ ዶሮ የምታህል ወፍ ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስትራመድ ያሳያል። ሰውነቷ ጥቁር ነው፣ ክንፏና ጀርባዋ ቀላ ያለ ቡናማ። ከሥሩ «ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ለ140 ዓመት ጠፍታ የተገኘች እርግብ» የሚል ተጽፏል።

መጀመሪያ ነገር፣ ይሄ እውነት ነው ወይስ በኤአይ የተሠራ ነው? አሁን አሁን ያየነውን ሁሉ ማመን ከባድ ሆኗል። እውነት ከሆነ ደግሞ እንዴት ሊሆን ቻለ? ትንሽ ድንቢጥ ብትሆን ይገባኛል። ይህን የምታህል ወፍ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜዋን መሬት ላይ በእግሯ የምትሄድ፣ አንድ ደሴት ላይ ሆና ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሳያያት እንዴት ትኖራለች? ደሴት ደግሞ ዙሪያው ባሕር ነው፣ የት ትሄዳለች?

የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ለልጆቹ ላሳያቸው ስለፈለግኩ ነው አጥብቄ የምጠይቀው። የተሳሳተ ነገር ይዤ ክፍል መግባት አልፈልግም።

ናሆም፦

እውነት ነው ሄለን፣ አትጠራጠሪ። ነገሩ የሰሞኑ አይደለም፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2022 ነው የተቀረጸችው፣ ዜናው የወጣው ደግሞ ኖቬምበር ላይ። ያኔ ኤአይ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ መሥራት አልጀመረም ነበር።

የወፏ ሳይንሳዊ ስም ኦቲዲፋፕስ ኢንሱላሪስ ይባላል። ወገኗ ከእርግብ ነው፣ ግን እንደምናውቃት እርግብ ጣሪያ ላይ አትቀመጥም። መሬት ላይ እየሄደች የወደቀ ፍሬና ዘር ትለቅማለች። የምትኖረው ፈርጉሰን በሚባል ደሴት ላይ ብቻ ነው፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለችም። ፈርጉሰን ከፓፑዋ ኒው ጊኒ በስተምሥራቅ ጫፍ፣ ሚልን ቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ደንትረካስቶ ከሚባሉት ደሴቶች አንዱ ነው። ስፋቱ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጣናን ግማሽ አይሞላም ማለት ነው። ግን ሜዳ እንዳይመስልሽ። እሳተ ገሞራዎች ያሉበት ደሴት ነው፣ ተራራው ቀጥ ያለ ነው፣ ሸለቆው ጥልቅ ነው፣ ዝናቡም አያባራም።

አንድሩ ጎልዲ የሚባል ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ናሙና ሰብሳቢ በ1882 ከደሴቱ ናሙና ወሰደ። በዓመቱ እንግሊዛውያኑ አጥኚዎች ሳልቪንና ጎድማን ስም ሰጥተው መዘገቧት። ዜናው እንዳለው ከዚያ በኋላ አንድም ሳይንቲስት በዓይኑ አየሁ ብሎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ወይም ሌላ ናሙና ይዞ የመጣ የለም። 140 ዓመት የሚባለው ይሄ ነው፣ ከ1882 እስከ 2022።

ለማግኘት በ2019 አጥኚዎቹ ጆርዳን ቦርስማ፣ ጄሰን ግሬግና ዶካ ናሰን ደሴቱ ላይ ለሁለት ሳምንት ፈልገው ወፏን አላገኟትም። ነገር ግን ከአዳኞች አንድ ወሬ ሰሙ፣ ምናልባት እሷ ልትሆን ትችላለች የሚያስብል። በ2022 ጆን ሚተርማየርና ሌሎችም ተጨምረው ተመልሰው ለአንድ ወር ቆዩ። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ካሜራ ኪልከራን በሚባለው ትልቅ ተራራ ላይ ዘረጉ፣ ስምንት ደግሞ አዳኞች ድሮ አይተናታል ባሏቸው ቦታዎች። ከደሴቱ ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አንዱ ካሜራ ቀረጻት። ቦርስማ በኋላ እንደተናገረው ካሜራዎቹን ሲሰበስቡ የማግኘት ዕድላችን ከአንድ በመቶ በታች ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ፎቶውን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ነው ድንገት ከፊቱ ድቅን ያለችበት።

ሄለን ከአዳማ፦

ናሆም በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የሚነግረኝ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አዳኞቹ አይተናታል ካሉ፣ ታዲያ ማን ነው ያላያት? ጠፍታ ነበር የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

የሐረና ልጅ፦

እህቴ፣ የጉዳዩን ሥር የነካ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። እኔን የሚከነክነኝም ይሄ ነው። ዜናውን ያሠራጩት አብዛኞቹ «ሳይንቲስቶች አገኙ» ብለው ነው የጻፉት። ሳይንቲስቶቹ ግን ራሳቸው ያሉት ሌላ ነው፣ ያገኘናት የአካባቢው ሰው ስለነገረን ነው ብለው ነው በግልጽ የተናገሩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የፈጀው ስለ ወፏ የሚያውቅ ሰው ባላገኘበት በኩል ነበር። ወደ ኪልከራን ተራራ ምዕራባዊ ጎን ሲሻገሩ ነው ወፏን ያዩ፣ ድምፅዋንም የሚያውቁ አዳኞች ማግኘት የጀመሩት። እዚያ ዱዳ ኡኑና የምትባል መንደር አለች። ኦገስቲን ግሪጎሪ የሚባል አዳኝ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ አላቸው። የትኛው ሸንተረርና የትኛው ሸለቆ እንደሆነ ነገራቸው፣ እንዴት እንደምትጮኽም ነገራቸው። እሱ ባለው መሠረት ካሜራውን ከመንደሯ በላይ፣ ኳማ ከሚባለው ወንዝ አጠገብ፣ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሸንተረር ተከሉት። የቀረጻት ያ ካሜራ ነው። በአካባቢው ቋንቋ ስሟ አውዎ ነው። ስም ያላት ወፍ ናት፣ ለእነሱ የምትታወቅ።

ካሜራውን የተከለው ዶካ ናሰንም የዚያው የፓፑዋ ኒው ጊኒ ልጅ ነው። ፎቶዋን ያየ ጊዜ እየዘለለ ነው የጮኸው። እኔ ብሆን ለልጆቹ ስነግራቸው የኦገስቲንንና የዶካን ስም አስቀድሜ እጠራ ነበር።

አሁን እንዴት ሳትታይ ቆየች ወደሚለው ልምጣ። የሙያዬ ነገር ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው፣ ታገሡኝ። እኔ ባሌ ላይ ሐረና ጫካ ውስጥ በካሜራ የዱር እንስሳት ጥናት ላይ ሠርቻለሁ። ጫካ ውስጥ የማያውቅ ሰው የሚመስለው ቁጭ ብለህ ብትጠብቅ ሁሉ ነገር በፊትህ ያልፋል ነው። አያልፍም። አንተ ከማየትህ ከብዙ ጊዜ በፊት እነሱ ሰምተውሃል። ገጠር ያደገ ሰው ቆቅን ያውቃል፣ ድምፅዋን በየማለዳው ትሰማለህ፣ እሷን ግን ስንቴ ነው አጥርተህ ያየሃት? ቆቅ ደግሞ የምትኖረው በየማሳው ዳር ነው። አሁን ያቺኑ ቆቅ ውሰዳትና ቁጥሯን በጣም ቀንሰው፣ ፀሐይ መሬቱ ላይ የማትደርስበት ጫካ ውስጥ ክተታት፣ ጫካውን ደግሞ ገደል ላይ አድርገው። ጥቁርና ቡናማ ላባዋ ከእርጥብ ቅጠል ጋር አንድ ነው። ድንገት ብትደርስባት እንኳ ብዙ ጊዜ ከመብረር ይልቅ ሮጣ ቁጥቋጦው ውስጥ መግባት ትመርጣለች። ሰው የሚያየው የተንቀሳቀሰ ቅጠል ብቻ ነው።

ካሜራውም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በውስጡ ሙቀትና እንቅስቃሴን የሚለይ መሣሪያ አለው፣ ሞቃት አካል በፊቱ ሲያልፍ ራሱን ይከፍታል። ለመሬት ወፍ ከሆነ ከጉልበት ዝቅ ታደርገዋለህ። ግንዱ ላይ አስረህ፣ ከኋላው እንጨት ሸጉጠህ ትንሽ ወደ መሬት ታጎነብሰዋለህ፣ ከዚያ እጅህን ወፏ ታልፍበታለች ባልከው መስመር እያሳለፍክ መብራቱ ይበራ እንደሆነ ትፈትሻለህ። ከፊቱ ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ ካልመነጠርክ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ፎቶ ያነሣል። ስትመለስ ካርዱ ሙሉ ነው፣ ሁሉም ግን ቅጠል ነው። ብዙ ከመነጠርክ ደግሞ ቦታው የሰው እጅ የነካው ይሆንና እንስሳው ይሸሸዋል። ጉንዳን ይገባበታል፣ እርጥበት መስታወቱን ያጨፍነዋል። ይሄን ሁሉ አሟልተህ እንኳ ካሜራው የሚያየው ፊቱ ያለችውን ጥቂት ሜትር ነው። 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ደሴት ላይ ሃያ ካሜራ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ለውጥ ያመጣው የት እንደሚተከል የሚያውቅ ሰው መገኘቱ ነው።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦

እኔ የቅርብ ዘመዷን በአካል አይቻታለሁ። የፈርጉሰኗን አይደለም፣ በዋናው የኒው ጊኒ ምድር ያለችውን ማለቴ ነው፣ አንገቷ ላይ አረንጓዴ የምታንጸባርቀውን። አሜሪካ ውስጥ የሚያረቧት መካነ እንስሳት አሉ። ልጆቼን ይዤ ሄጄ የዝናብ ጫካ አስመስለው በሠሩት ቤት ውስጥ ነው ያገኘኋት። ሰው ሁሉ ላይ ያሉትን በቀቀኖች ሲያይ እሷ እግሩ ሥር ትሄዳለች፣ ማንም አላስተዋላትም።

ሄለን፣ ቪዲዮው ላይ ያየሽው የጅራት ነገር ትክክል ነው። ጅራቷ እንደ ሌላ እርግብ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ከግራና ከቀኝ የተጨመቀ ነው፣ የቆመ ይመስላል። አንድ እርምጃ ስትራመድ ከፍ ይላል፣ ሲቀጥል ዝቅ። አንገቷም አብሮ ወደፊት ወደኋላ ይላል። እግሯ ረጅምና ጠንካራ ነው። ምንቃሯና ዓይኗ ቀይ ነው። ቅጠሉን በምንቃሯ ገልበጥ ታደርግና ቆም ብላ ታያለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ፈጽሞ አትቸኩልም። ልጄ «እማዬ ይቺ እርግብ ናት ወይስ ዶሮ?» ነው ያለችኝ።

ጠባቂዋ የነገረችን ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፣ ጎጆዋም መሬት ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው። እስቲ አስቡት፣ ያቺ አንዷ እንቁላል በአይጥ ወይም በእባብ ከተበላች ያን ጊዜ ዘር የለም ማለት ነው። የፈርጉሰኗ ቁጥር ጥቂት ከሆነ በቶሎ አትተካም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

የሚታወቁት አራት ዓይነት ናቸው፣ የሚለዩት በዋናነት በማጅራታቸው ቀለም ነው። አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ግራጫ፣ የአሩ ደሴቶቿ ነጭ፣ የፈርጉሰኗ ጥቁር። አንዳንድ ባለሙያዎች አራቱንም ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ናቸው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ የአንዲት ወፍ አራት መልክ አድርገው ነው የሚቆጥሯቸው። ክፍል ውስጥ ጎበዝ ተማሪ ከጠየቀሽ ተዘጋጅተሽ ግቢ ብዬ ነው።

ጋሽ አበራ፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው ያነበብኩት። ሄለን ልጄ፣ ለተማሪዎችሽ ስትነግሪያቸው ከሀገራችንም አንድ ጨምሪላቸው። በ1990 በፈረንጆች፣ ከእንግሊዝ ካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ። የሌሊት ወፍ አይደለችም፣ ናይትጃር ከሚባሉት ናት፣ ሲመሽ እየበረረች ነፍሳት የምትለቅም፣ ቀን ደግሞ መሬት ላይ ተጋድማ የምታርፍ። በመኪና ተጨፍልቃ ስለነበር ደህና ሆኖ የቀረው አንድ ክንፏ ነው። በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ ነው በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው። በ2009 አየናት ያሉ አሉ፣ ግን እስካሁን ፎቶም ሆነ ሌላ ናሙና የለም።

የሐረና ልጅ ያልከው ነገር ልቤን ነካው። ነጭ ሳር ዙሪያ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያገዱ ሰዎች አሉ። ማታ ማታ የምትነሣውን ወፍ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃታል? እኔ አርባ ምንጭ በሥራ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፣ እረኞቹ የወፉን ድምፅ አንድ በአንድ ለይተው ሲነግሩህ ትደነቃለህ። የፈርጉሰኖቹ ሰዎች የሠሩትን እዚያ የሚሠራ ጎበዝ ቢነሣ፣ ካሜራና ድምፅ መቅጃ ይዞ፣ መጀመሪያ ግን ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብሎ ጠይቆ፣ እኛም አንድ ቀን ዜናዋን እንሰማ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሄለን ከአዳማ፦

ጋሽ አበራ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ የነጭ ሳሯን ወፍ ጭራሽ አላውቃትም ነበር። ሚሚ፣ የእንቁላሉን ነገር ሳነብ እኔም ደነገጥኩ። ለመሆኑ ከተገኘች በኋላ ምን ተደረገላት? አሁን ጥበቃ አላት? አዳኞቹስ ያድኗታል ማለት ነው?

ናሆም፦

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ አይዩሲኤን የሚሉት፣ እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዘንድ ነው የመደባት። ከዚያ በኋላ ያለው እርከን ከዱር መጥፋት ነው።

ስጋቱ አደን ብቻ አይደለም። እዚያ ያለ ሰው ከጫካው ነው የሚኖረው፣ ያገኘውን ወፍ ይበላል፣ ለብዙ ዘመን እንደዚያ አብረው ኖረዋል። ይበልጥ የሚያስፈራው የእንጨት ኩባንያ ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ከመሬቱ 97 በመቶ የሚሆነው የመንግሥት አይደለም፣ በባህላቸው የጎሣና የቤተሰብ ይዞታ ነው። ኩባንያ እንጨት መቁረጥ ሲፈልግ የባለመሬቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ቦርስማ እንደተናገረው ወፏ ከተገኘችበት ጫካ ዋና ባለመሬቶች አንዱ ከእንጨት ቆራጭ ኩባንያ ጋር ገና መፈራረሙን ነግሯቸዋል። እንግዲህ 140 ዓመት ጠፍታ በተገኘች ማግሥት ማለት ነው።

የሐረና ልጅ፦

ናሆም ባልከው ላይ ልጨምር። ባለመሬቱን ለመውቀስ የሚቸኩሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ እኔ ግን አልወቅሰውም። መንገድ የለም፣ ክሊኒክ ሩቅ ነው፣ ልጅ ማስተማሪያ ገንዘብ ይፈልጋል። አንድ ኩባንያ መጥቶ ጥሬ ብር ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሌላው ደግሞ «ወፍ አለችና ጫካህን አትንካ» ብሎ ባዶ እጁን ሲሄድ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትሰማለህ? እኛም ሐረና ዙሪያ ያየነው ይሄንኑ ነው። ቡና ከጫካው ሥር ለቅሞ የሚሸጥ ገበሬ ዛፉን ራሱ ይጠብቀዋል፣ ምክንያቱም ዛፉ ከሄደ ጥላ የለም፣ ቡናውም አብሮ ይሄዳል። ከጫካው ምንም የማያገኘው ግን መጥረቢያ ያነሣል። ፈርጉሰን ላይም ጫካው ቆሞ ለባለመሬቱ ገቢ የሚያመጣበት መንገድ ካልተገኘ ልመና ብቻውን አውዎን አያተርፋትም። ወፍ ለማየት የሚመጣ እንግዳ፣ የአካባቢው ልጆች በደሞዝ የሚሠሩበት ክትትል፣ ይሄን የመሰለ ነገር ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ። ስንት ቀርታ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ካሜራ በሌሎቹም ሸንተረሮች ላይ መተከል አለበት። አንድ ቪዲዮ አለች የሚለውን ያረጋግጣል፣ ስንት ናት የሚለውን አይመልስም። ይሄን ለልጆቹ ብታስረጂያቸው ደስ ይለኛል፣ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያቸዋል።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦

ሄለን፣ ክፍል ስታሳዪ ከተቻለ ሙሉውን ቪዲዮ ፈልጊ፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የተቆራረጠ ነው። ድምፁን ዘግተሽ መጀመሪያ ዝም ብለው ይዩት። ከዚያ ምን አያችሁ በያቸው። ጅራቷን ቀድሞ የሚያስተውለው ማን እንደሆነ ንገሪን።

ሄለን ከአዳማ፦

እሺ ሚሚዬ፣ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሐሙስ ሳይንስ አለኝ። ካርታም እወስዳለሁ፣ ፈርጉሰንንና ነጭ ሳርን ራሳቸው ይፈልጓቸው። ወላጆቻቸውንና አያቶቻቸውን ጠይቀው ሰፈራቸው ወይም ትውልድ አገራቸው ስላለ፣ እነሱ ግን አይተውት ስለማያውቁት አንድ ወፍ ጽፈው እንዲመጡ የቤት ሥራ እሰጣቸዋለሁ። ያመጡትን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ጋሽ አበራ ስሙን ካወቁት ይነግሩናል።